የጾመኛ ጥርስ፦ ቀኑ ነው ወይስ ሌሊቱ?



በየዓመቱ ረመዳን ሲገባ ዶርማችን ውስጥ የሚነሣ አንድ ክርክር አለ። ግማሾቻችን «ጾም ጥርስ ያነጣል፤ ቀኑን ሙሉ ሻይ የለ፣ ቡና የለ፣ ጣፋጭ የለ፤ ታዲያ ምን ያቆሽሸዋል?» እንላለን። ሌሎቻችን ደግሞ «ኧረ ጥርስ የሚበላሸውስ በረመዳን ነው፤ አፍ ይደርቃል፣ ይሸታል፣ ዒድ ሲደርስ ድድ ይደማል» ብለን እንመልሳለን። በአንድ ክፍል የምንኖር ስድስት የምህንድስና ተማሪዎች ነን። አምስታችን ሙስሊም ነን፤ ስድስተኛው ክርስቲያን ወንድማችን ሁዳዴውን ይዞ በክርክሩ ላይ ዳኛ ሆኖ ይቀመጣል፣ አንድም ቀን ግን ፈርዶ አያውቅም። ባለፈው ረመዳን ነገሩን በስሌት እንየው ብለን ተነሣን። ያነሣሣን ግን ክርክሩ ሳይሆን የአንዱ ወንድማችን መንጋጋ ነው። ወደሱ እንመለሳለን።

አብዛኞቻችን በሁለት ትምህርት ቤት ያደግን ልጆች ነን፤ ጠዋት መድረሳ፣ ከሰዓት የመንግሥት ትምህርት ቤት። መድረሳ ውስጥ የወይራ መፋቂያ ከሸይኻችን ኪስ አይለይም ነበር። ሉሕ ከመያዛችን በፊት «አፋችሁን አሳዩኝ» ይሉናል፤ ያልፋቀ ልጅ ፍቆ እስኪመለስ ውጭ ይቆያል። ቁርኣን በሚቀራበት አፍ ቀልድ አያውቁም። ከሰዓት ደግሞ የሳይንስ አስተማሪያችን ጥቁር ሰሌዳ ላይ የመንጋጋ ጥርስ ሥለው «ኢናሜል፣ ዴንቲን፣ ነርቭ» እያሉ ያስጠኑናል። ሁለቱ ስለ አንድ አፍ እንደሚያወሩ የነገረን ሰው አልነበረም። ሁለቱን ትምህርት በሁለት ደብተር ይዘን ዩኒቨርሲቲ ደረስን።

ስሌቱን ከምራቅ እንጀምር። ጤነኛ አዋቂ ሰው በቀን ከግማሽ እስከ አንድ ተኩል ሊትር ምራቅ ያመነጫል። ዝም ብሎ ሲቀመጥ በደቂቃ 0.3 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው፤ ሲያኝክ ብዙ እጥፍ ይጨምራል፤ ሲተኛ ደግሞ ወደ ዜሮ ይጠጋል። (ይህቺን የመጨረሻዋን ያዙልን፤ ኋላ ትፈለጋለች።) ምራቅ ውሃ ብቻ አይደለም። የምግብ ትራፊ ያጥባል፤ ባይካርቦኔት ስላለው የአሲድን ኃይል ይሰብራል፤ በውስጡ ያለው ካልሲየምና ፎስፌት ደግሞ ከጥርሱ የላይ ሽፋን፣ ከኢናሜሉ፣ የተሸረፈውን ማዕድን መልሶ ይተካል። ጥርስን የሚያቦረቡረው ስኳሩ ራሱ አይደለም፤ ስኳሩን የሚበሉት ባክቴሪያዎች የሚያመነጩት አሲድ ነው። የአፍ ፒኤች ከ5.5 ገደማ በታች ሲወርድ ኢናሜል መሟሟት ይጀምራል። ጣፋጭ ነገር በቀመስን በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ፒኤቹ ከዚህ መስመር ሊያልፍ ይችላል። ምራቅ ወደ ቦታው ለመመለስ ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ይፈጅበታል። በመሀሉ ሌላ ጉንጭ ሻይ ከተጨመረ ቆጠራው እንደገና ይጀምራል።

እንግዲህ የጾመኛን ቀን በዚህ ዓይን እንየው። እኛ አገር ከሱብሒ እስከ መግሪብ ከ13 ሰዓት ትንሽ ከፍ ይላል። በእነዚህ ሰዓታት ማኘክ ስለሌለ ምራቁ በዝቅተኛው መጠን ብቻ ይፈሳል፤ ከዐስር በኋላ ውሃ ጥሙ ሲበረታ ደግሞ እሱም ይቀንሳል። ስለዚህ አፍ መድረቁ እውነት ነው፤ መሽተቱም እውነት ነው። ነገር ግን በዚያው ሰዓት ስኳርም አይገባም። ባክቴሪያዎቹ ጥሬ ዕቃ እንዳለቀበት ፋብሪካ ናቸው፤ ማሽኑ አለ፣ የሚፈጨው የለም። ስለዚህ ሱብሒ ላይ ንጹሕ ሆኖ የተዘጋ አፍ መግሪብ ላይ ቢሸትም ጥርሱ ብዙም አይጎዳም። ንጹሕ ሆኖ ከተዘጋ ነው ታዲያ።

ሌሊቱስ? አንዱን ሌሊት ከእኛ የአንዱን አፍ በወረቀት መዘገብን። መግሪብ ላይ ተምርና ቪምቶ፤ ከሰላት መልስ ሳምቡሳ፣ ሾርባና ስኳር የበዛበት ሻይ፤ ከተራዊሕ በኋላ ለስላሳ መጠጥ፤ ጥናት ላይ ብስኩት፤ እኩለ ሌሊት ላይ ሌላ ሻይ፤ ከዚያ የተረፈ ተምር፤ በመጨረሻ ሱሑር ላይ ዳቦና ሻይ። ሰባት ጊዜ ነው። እያንዳንዱን በ40 ደቂቃ ብናባዛው 280 ደቂቃ፣ ማለትም 4 ሰዓት ከ40 ይሆናል። ሌሊቱ ራሱ ከ11 ሰዓት አይበልጥም። በሌላው ጊዜ በቀንና በማታ ተበታትኖ የሚገባው ስኳር በረመዳን ሌሊት ውስጥ ታጭቆ ይገባል ማለት ነው። «ለጥናት» እየተባለ ሌሊቱን ጫት የሚቅሙ ልጆች እንዳሉም የምናውቀው ነገር ነው፤ ጫቱ አፍ ያደርቃል፣ ምሬቱን ለማጥፋት ደግሞ ከጎኑ ጣፋጭ መጠጥ አይጠፋም። የጫትን ሌላውን ጣጣ ለኡስታዞቻችን እንተወው፤ ለጥርስ ግን ከዚህ የከፋ ቅንጅት ለማግኘት ያስቸግራል።

ከሁሉም የባሰችው ግን ከሱሑር በኋላ ያለችው ሰዓት ናት። አዛን ሊል አምስት ደቂቃ ሲቀረው የመጨረሻዋን ዳቦ በሻይ እያወራረድን እንውጣለን፣ ሱብሒ እንሰግዳለን፣ ከዚያ እስከ ሁለት ሰዓቱ ክፍል ድረስ እንተኛለን። ያቺ ያዙልን ያልናት ቁጥር እዚህ ትመጣለች፤ ተኝተን ምራቅ የለም ማለት ይቻላል። ዳቦውና ስኳሩ በጥርስ መሀል ተለጥፎ ይቀመጣል፣ የሚያጥበውም የሚያረግበውም አያገኝም። ሱሑር ላይ ተነሥቶ መብላት ሱና ነው፣ በረካም አለበት። በልቶ አፍን ሳያጥቡ መተኛት ግን የእኛ የተማሪዎች ፈጠራ ነው።

ለምን አናጸዳም? ምክንያቱ ብዙ ነው። ውሃ ይጠፋል፤ ይበርዳል፤ ሰዓቱ ይጠባል። አንዱ ምክንያት ግን ዲናዊ መልክ ያለው ስለሆነ ለብቻው መታየት አለበት። የጾመኛ የአፍ ሽታ አላህ ዘንድ ከሚስክ የበለጠ መሆኑን የሚናገረውን፣ ቡኻሪና ሙስሊም የዘገቡትን ሐዲስ ሁላችንም እናውቀዋለን። አንዳንዶቻችን ከዚህ ተነሥተን «እንግዲያው አፍን አለማጽዳት ይሻላል» ወደሚል እንሄዳለን። በሻፊዒ መዝሀብ ታዋቂው አቋም ጾመኛ ከዘዋል በኋላ ሲዋክ መጠቀሙ መክሩህ ነው የሚል ነው፤ ሐነፊዎች ደግሞ ቀኑን ሙሉ ችግር የለውም ይላሉ። ከሻፊዒዎቹ ራሳቸው ኢማሙ ነወዊ «አል-መጅሙዕ» ላይ መክሩህ አይደለም ወደሚለው አዘንብለዋል። ይህንን የመለየት ዕውቀቱም ድፍረቱም የለንም፤ እያንዳንዱ ኡስታዙን ይጠይቅ። እኛ የምናየው ሌላ ነገር ነው፤ መክሩህ ነው ያሉትም ቢሆኑ ያሉት ከዘዋል በኋላ ነው። ከመግሪብ እስከ ሱብሒ ያለውን ሌሊት የከለከለ መዝሀብ የለም። ጥርሳችን የሚጎዳውም በሌሊት ነው። ስለዚህ ኺላፉ ለስንፍናችን ምክንያት ሊሆን አይችልም።

ሲዋክን የሚፈቅዱት ዑለማዎች የሚያነሡት አንድ ማስረጃ ደግሞ ኬሚስትሪ ለምናጠናው ልጆች ጣፋጭ ሆኖ አግኝተነዋል። ኹሉፍ የተባለው ሽታ ከሆድ ባዶነት የሚመጣ ስለሆነ ሲዋክ አያጠፋውም ይላሉ። በእርግጥም ጾመኛ አፍ ላይ የሚሸቱት ነገሮች ሁለት ናቸው። አንደኛው በምላስ ኋለኛ ክፍልና በጥርስ መሀል ያሉ ባክቴሪያዎች የሚለቁት የሰልፈር ጋዝ ነው፤ ይህ በማጽዳት ይቀንሳል። ሁለተኛው ሰውነት የምግብ ስኳሩን ጨርሶ ስብ ማቃጠል ሲጀምር በደም በኩል ወደ ሳንባ ሄዶ በትንፋሽ የሚወጣ ነው፤ ይህን መፋቂያም ብሩሽም አይደርስበትም። ሐዲሱን በላቦራቶሪ ለማስመስከር አይደለም ይህን የምንለው፤ ሐዲሱ የእኛን ምስክርነት አይፈልግም። ዛሬ የተገኘውን ሳይንስ ሁሉ ሐዲስ ላይ የመለጠፍ ልማድም ደስ አይለንም። የምንለው አፉን ያጸዳ ጾመኛ ጾመኝነቱን አላጠበም ብቻ ነው።

ውዱእ ላይም ተመሳሳይ ነገር አለ። ረመዳን ሲገባ ውሃ ወደ ጉሮሮ ይገባብኛል ብለው መጉመጥመጥን የሚተዉ ወንድሞች አሉ። ለጾመኛ የተከለከለው ማብዛቱ ነው፤ በልኩ መጉመጥመጡማ እንዳለ ነው። በቀን አምስት ጊዜ፣ ሦስት ሦስት ጊዜ ስንጉመጠመጥ 15 እጥበት ይሆናል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ወተት ጠጥተው እንኳ ቅባት አለው ብለው አፋቸውን እንደተጉመጠመጡ ሐዲስ ላይ ተዘግቧል። ወተት ጠጥተው የታጠቡትን ነቢይ የምንከተል ሰዎች፣ ከቪምቶ በኋላ አንድ ጉንጭ ውሃ ማንሣት አይከብደንም።

ስለ መፋቂያ ካነሣን አንድ ነገር እንጨምር። ታዋቂው ሲዋክ ከአራክ ዛፍ የሚገኘው ነው፤ ሶማሌ ወንድሞቻችን ዓዳይ ይሉታል። በደጋው ደግሞ ወይራና ልምጭ አለ። የዓለም ጤና ድርጅትም በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መፋቂያ በተለመደባቸው አካባቢዎች መጠቀሙ እንዲበረታታ መክሯል። ግን መፋቂያ የፊት ጥርስን ፊት ለፊት በደንብ ሲያጸዳ፣ የመንጋጋን ውስጠኛ ጎንና የጥርሶችን መሀል ለመድረስ ያስቸግረዋል። ፍሎራይድ ያለበት የጥርስ ሳሙና የሚሰጠውን መከላከያም ሙሉ ለሙሉ አይተካም። ስለዚህ ሁለቱን እናጣምር ባዮች ነን፤ ቀን መፋቂያ፣ ሌሊት ብሩሽ።

አሁን ወደ ወንድማችን መንጋጋ እንመለስ። ዶርማችን ውስጥ እንደሱ ጥርሱ የነጣ ልጅ አልነበረም። ሲስቅ ክፍሉ የሚበራ ይመስላል፤ «የማስታወቂያ ጥርስ» እያልን እንቀልድበት ነበር። ረመዳን በገባ በአሥራ ሁለተኛው ሌሊት ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ሲጠጣ ከታች በስተግራ መንጋጋውን ይዞ ተቀመጠ። ቅርንፉድ ነክሶ ተኛ። ከዚያ በኋላ ማታ ማታ ያመዋል፣ ቀን ግን ጸጥ ይላል። «ጾሙ እያሻለኝ ነው» አለን በደስታ። እውነቱ ግን ቀን ላይ ቀዝቃዛም ጣፋጭም ስለማይነካው ነበር ጸጥ የሚለው። ቆይቶ ሕመሙ ጭራሹን ጠፋ፤ እሱም አልሐምዱሊላህ ብሎ ቅርንፉዱን ጣለ። የጥርስ ሐኪሙ ኋላ እንደነገሩን፣ በዚያን ጊዜ የጥርሱ ነርቭ ሞቶ ነበር። የሞተ ነርቭ አያምም፤ ከሥሩ ግን መግል ይቋጠራል።

በሃያ አራተኛው ቀን ጉንጩ አብጦ ተነሣ። ትኩሳት አለው፣ አፉን በደንብ መክፈት አቃተው። ሐኪም ቤት እንሂድ ስንለው «መርፌ ይወጉኛል፣ ደም ይገባብኛል፣ ጾሜ ይፈርሳል፤ ከዒድ በኋላ እሄዳለሁ» አለ። የመጨረሻዎቹ አሥር ቀናት ናቸው፤ ለይለቱል ቀድርን እየጠበቀ ነው። ስሜቱ ይገባናል። ግን የመንጋጋ መግል ወደ አንገት ከወረደ መተንፈሻን እስከ መዝጋት ሊደርስ የሚችል ነገር ነው። ከዙህር በኋላ የጀመዓችንን ኡስታዝ ዶርም ድረስ አመጣናቸው። ኡስታዙ ብዙ አላወሩም። ዓለም አቀፉ የኢስላም ፊቅህ አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ1997 ጅዳ ላይ ባሳለፈው ውሳኔ ጥርስ ማስቦርቦርም ሆነ ማስነቀል፣ ምግብነት የሌለው መርፌም ጾምን ከማያፈርሱት መካከል እንደተቆጠሩ ነገሩት፤ ወደ ጉሮሮ የሚሄደውን አለመዋጥ ነው ሁኔታው። ቀጥለው ደግሞ «ይህ ሁሉ ለጤነኛው ነው ልጄ፤ አንተ ግን ታመሃል። ለታመመ ሰው ሌሎች ቀናትን የሰጠው አላህ ነው፤ የጌታህን ስጦታ አትመልስ» አሉት። ተነሥቶ ጫማውን አደረገ።

ጥርሱ ተነቀለ። ሐኪሙ መድኃኒቱን እዚያው እንዲጀምር ስላዘዙት ያን ቀንና ሁለት ሌሎች ቀናት አፈጠረ፤ በሸዋል ቀዷውን አውጥቷል። «ከጥቂት ወራት በፊት ብትመጣ ሞልተን እንልክህ ነበር» አሉት። ጾም አበላሽቶት እንደሆነ ስንጠይቃቸው ሳቁብን፤ እንዲህ ያለ ቀዳዳ በአንድ ወር አይበጅም አሉን። ጥርሱን ደጋግመው ያዩትና ያመሰገኑት የፊት ለፊቱን ነው፤ ከኋላ ግን ሌላም የጀመረ አገኙ። ገና ሃያ አንድ ዓመቱ ነው።

ዶርማችን ውስጥ ሌላ ወንድም አለ፤ የባቱ ልጅ ነው። ጥርሱ ቡናማ ነው፣ አንዳንዱም ላይ ነጠብጣብ አለበት። አንደኛ ዓመት እያለን «ብሩሽ አታውቅም እንዴ?» ያሉት ልጆች ነበሩ፤ ሲጋራ ያጤሳል ብለው ያሙትም ነበሩ። እሱ ደግሞ ሲዋክ ከእጁ የማይለይ፣ ከሁላችንም ቀድሞ ለተሀጁድ የሚነሣ ልጅ ነው። ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ብዙ የጉድጓድ ውሃ ከእሳተ ገሞራ አለት የሚሟሟ ፍሎራይድ ይበዛበታል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው ጣሪያ በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ነው፤ አንዳንድ የሸለቆው ጉድጓዶች ከ10 በላይ ይደርሳሉ። አንድ ልጅ እስከ ስምንት ዓመቱ ድረስ፣ ቋሚ ጥርሱ ገና በድዱ ውስጥ እየተሠራ እያለ፣ ያንን ውሃ ሲጠጣ ቀለሙ ከኢናሜሉ ጋር አብሮ ይሠራል። ከላይ የተቀባ ቆሻሻ አይደለም፤ ቢፋቅ አይለቅም። ወንድማችንን ያኔ አብሮን ስለነበር ሐኪሙ አፉን አዩለት። አንድም የተቦረቦረ ጥርስ አልነበረውም።

ነጩ ጥርስ ባዶ ሆኖ፣ ቡናማው ሙሉ ሆኖ ማየት ለእኛ ከመጽሐፍ በላይ ነበር። ከዚያ ወዲህ ዒድ ሲቃረብ ዶርም ለዶርም የሚዞረውን የማንጫ ምክር በሌላ ዓይን ነው የምናየው። ሎሚና ጨው፣ የከሰል ዱቄት፣ ቤኪንግ ሶዳ በሎሚ። የሎሚ ጭማቂ ፒኤቹ 2 ገደማ ነው፤ ኢናሜል የሚሟሟበት መስመር ደግሞ 5.5። በአሲድ አለስልሶ በጨውና በከሰል መሞረድ ማለት ነው። ኢናሜል ሕይወት ያለው ሴል ስለሌለው ከተፋቀ ተመልሶ አይበቅልም፤ ከሥሩ ያለው ዴንቲን ደግሞ በተፈጥሮው ቢጫ ነው። ለዒድ ፎቶ ብሎ የሞረደ ሰው ለጥቂት ቀን ነጥቶለት፣ ከዓመታት በኋላ ከበፊቱ የባሰ ቢጫ ይሆናል፤ ቀዝቃዛ በጠጣ ቁጥርም ይነዝረዋል። የሻይና የቡና እድፍ ያለበት ሰው ሐኪም ቤት ያስጠርገው። የባቱው ወንድማችን ደግሞ በዒድ ፎቶ ላይ አፉን ሸፍኖ ነው የቆመው። እሱ እንዳይሸፍን ማድረግ የኛ የጓደኞቹ ሥራ እንጂ የሎሚ ሥራ አይደለም።

ዘንድሮ ዶርማችን ውስጥ የተስማማንበት ቀላል ነው። አፍጥረን ጣፋጩን እዚያው ከምግቡ ጋር እንጨርሳለን፤ ከዚያ በኋላ እስከ ሱሑር ውሃ ብቻ ነው። (ሻይ ያለ ስኳር የሚጠጣ ካለ ይጠጣ፤ እስካሁን አልተገኘም።) ከቪምቶና ከሎሚ ጭማቂ በኋላ ወዲያው አንቦርሽም፤ አሲዱ ያለሰለሰው ኢናሜል እንዳይፋቅ በውሃ ተጉመጥምጠን ግማሽ ሰዓት ያህል እንቆያለን። ከዒሻ በፊት አንድ ጊዜ፣ ሱሑር ላይ አንድ ጊዜ እንቦርሻለን። የሱሑሩን ሰዓት ለማግኘት መብላቱን አዛን ሊል 20 ደቂቃ ሲቀረው እናቆማለን፤ ደወሉን የሚሞላው ክርስቲያኑ ወንድማችን ነው፣ ከሁላችን ይልቅ እንቅልፉ ቀላል ስለሆነ። ቧንቧው ሌሊት ስለማይታመን አንድ ጀሪካን ለዚሁ ብቻ ማታ ሞልተን በሩ ሥር እናስቀምጣለን።

የጥርስ ሕክምና የሚያጠኑ የጀመዓችን እህቶችና ወንድሞች ረመዳን ከመግባቱ በፊት አፋችንን ሊያዩልን ፈቃደኛ ሆነዋል። ከዐስር ሰላት በኋላ ነው፤ ለእህቶች ለብቻ ቦታ ተዘጋጅቷል። የሚያም ጥርስ ያለው ብቻ ሳይሆን ያመመውና የተወውም ይምጣ። የስም መመዝገቢያ ደብተሩ መስጂዱ በር ላይ፣ ከጫማ መደርደሪያው በላይ ታስሯል፤ እስክሪብቶው ስለሚጠፋ የራሳችሁን ይዛችሁ ኑ።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።